የጀርመናዊቷ ሁለተኛ ሸክላና የእኔ ካሴት

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ሲያትል ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጽዳት እሠራ ነበር። ሥራዬ የሚጀምረው ተማሪዎቹ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ደወሉ ሲደወል ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ፤ ያ ሁሉ ልጅ እየተጋፋ አልፎኝ ሲያበቃ መጥረጊያዬን ይዤ ከታችኛው ፎቅ ጥግ እነሳለሁ። አብዛኞቹ አስተማሪዎች ከተማሪዎቹ እኩል ውልቅ ይላሉ። የጀርመንኛ አስተማሪዋ ግን ይቆያሉ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ደብተር እያረሙ ሸክላ ያጫውታሉ። አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ተነሥተው ይገለብጡታል፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ቦርሳቸውን አንሥተው ይሄዳሉ።

ሳላስበው የእሳቸውን ኮሪደር በዝግታ መወልወል ጀመርኩ። ዘፈኑ እንዳያመልጠኝ ነው። ጀርመንኛ አንዲት ቃል አላውቅም። ድምፁ ግን የሴት ነበር፤ ወፈር ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ጠዋት ገና ከመኝታዋ ተነሥታ የምታወራ ሰው ዓይነት። እኔም ከውጭ ሆኜ አብሬ አንጎራጉራለሁ።

ቅዳሜና እሑድ ዘፋኝ ነበርኩ። ብቻዬን አይደለም። ሱዳን በስደት ላይ ሳለሁ የተዋወቅኩት አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ እሱ ኦርጋን እየተጫወተ ያወጣል፣ እኔ እቀበላለሁ። ቼሪ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ምግብ ቤት እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንጫወታለን፤ ሠርግ ሲኖር ደግሞ አዳራሽ ተከራይተው ይጠሩናል። ተቀባይ መሆን እወድ ነበር። ሰው ዓይኑን የሚጥለው አውጪው ላይ ነው። የእኔ ድርሻ ከጎኑ ቆሜ ስንኙን እስኪጨርስ ጠብቆ መግባት ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀድሜው ወይም ዘግይቼ አላውቅም።

አንድ እሑድ ዕቃችንን መኪናው ላይ ጭነን እንደጨረስን የኋላውን በር ዘጋና እጁን እዚያው በሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«ዋሽንግተን ያሉት ልጆች ኮል አድርገውልኝ ነበር» አለኝ። «ሙሉ ባንድ ነው። ድራም በለው፣ ሳክስፎን በለው፣ ሁሉ ነገር አላቸው። ሶ... ልሄድ ነው።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት።»

«ተቀባይ አላቸው?»

«ሦስት ሴቶች አሉ» አለኝ፤ መሬት መሬቱን እያየ።

«ጥሩ ነው። ይቅናህ» አልኩት። ከልቤ ነበር ለማለት ይከብደኛል፤ ቂም ይዣለሁ ብልም ውሸት ነው። በተባለው ቀን ሄጄ ኦርጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጫንኩለት። ከዚያ በኋላ ምግብ ቤቷ ሌላ ሰው አመጣች። እኔም መዝፈን ተውኩ። አውጪ የሌለው ተቀባይ ምን ይሠራል?

ማንጎራጎሬንም ሳልተው አልቀረሁም፤ ይህን ያወቅኩት ከአስተማሪዋ ነው። አንድ ቀን የቆሻሻ ቅርጫቱን ልወስድ ስገባ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ሰሞኑን ዝም ብለሃል» አሉኝ።

የሚሰሙኝ አይመስለኝም ነበርና አፈርኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጃቸውን አወዛወዙ። «ከእሷ ጋር ስትዘፍን ደስ ይለኝ ነበር። ደግሞ ዜማውን አትስትም።» ከዚያ ወንበር አሳዩኝና ስለ ዘፋኟ ነገሩኝ። ገና በልጅነቷ ከሁለት ወንድማማቾች ጋር ሦስት ሆነው መዝፈን ጀመሩ። በጀርመን አገር የማያውቃቸው አልነበረም። ኋላ ወንድማማቾቹ ተጣሉ፤ አንደኛው የቤት ዕቃ መሸጫ ከፈተ፣ ሌላው ሙዚቃ እርግፍ አድርጎ ተወ። እሷ ብቻዋን ቀረች።

«ሰው ሁሉ አበቃላት አለ» አሉ። «ይኸው ብቻዋን ያወጣችው የመጀመሪያው አልበም። ማንም አልገዛውም። ጋዜጦቹ አንድ ነገር ይጎድለዋል ብለው ጻፉ። እውነት ነው፣ ይጎድለዋል። ምን እንደሆነ ግን የነገረን የለም።»

ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀመጡልኝ። የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበቴ ጠረጴዛውን እየነካ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ገባኝ። ስንኙን ትጨርስና ትንሽ ታቆማለች። ከጀርባዋ ሙዚቃው ይሄዳል፤ እሷ ግን የለችም። ከዚያ ተመልሳ ትገባለች። በየስንኙ እንደዚያው ነው።

«ተቀባዮቿን እየጠበቀች ነው» አልኩ።

«ምን አልክ?»

እኛ አገር አንዱ እንደሚያወጣ፣ ሌላው እንደሚቀበል አስረዳኋቸው። «ወንድማማቾቹ የሚገቡበትን ቦታ ክፍት ትታለች። የሉም፤ ግን ቦታቸውን አልነካችውም።»

አስተማሪዋ መርፌውን አንሥተው ያንኑ ዘፈን ከመጀመሪያው መለሱት። እስኪያልቅ አዳመጡ። «ይህን ሸክላ ስንት ዓመት ሰማሁት መሰለህ» አሉ በመጨረሻ። «አንድም ቀን አልሰማሁትም ማለት ነው።»

በማግስቱ ሁለተኛውን አልበም ይዘው መጡ። የሸክላው ልባስ ላይ ዘፋኟ ካፖርት ለብሳ የአንድ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ይሄኛው የቀረበው በፒያኖና በአንድ ቤዝ ጊታር ብቻ ነው። እዚህ የምትጠብቀው ሰው የለም። ስንኙን ጨርሳ ስትተነፍስ ትንፋሿ ይሰማል፤ በመጀመሪያው ሸክላ ባዶ የተወችው ቦታ ላይ ራሷ ቆማበታለች። ከሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው ዘፈን ሲመጣ ፀጉሬ ቆመ። አስተማሪዋ አዩኝና ሸክላውን ከነልባሱ ሰጡኝ። «ቅዳና ሰኞ መልስልኝ» አሉ።

ካሴት ላይ ቀዳሁት። ያን ዘፈን አውቶቡስ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ኮሪደር ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። የጀርመንኛው ትርጉም አላሳሰበኝም፤ የፍቅር ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ቆሜ፣ ዝናቡ ከጎን እየመታኝ፣ ዜማው ላይ የአማርኛ ቃል መጣልኝ። የሲያትል ሠርግ ያለ ዝናብ ሆኖ አያውቅም። ሙሽራዋ ፀጉሯን ተሠርታ ስትወጣ አራት ሰው ጃንጥላ ይዞ ይሯሯጣል። እንዲህ አልኩ፦

ዝናቡን ያዙላት፣ ይቆየን ለነገ፣
ሙሽሪት ስትወጣ ሰማዩ ፈገገ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ነው የሆነው። አንድ ዘመዴ ሲያገባ «አንድ ዘፈን እንኳ ካልዘፈንክ» ተባልኩና ያንን ዘፈንኩ፤ በሰው ኦርጋን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን። ያን ቀን ደግሞ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ዝናቡ ይንዶቆዶቅ ነበር። ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ተነሣ፣ ከዚያ ድገመው አለ። በሳምንቱ ሌላ ሠርግ ጠሩኝ። ሬድመንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አንድ የአገሬ ልጅ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የመቅጃ ዕቃ ነበረው፤ «ካሴት እናውጣ» አለኝ። የቀሩት ሰባት ዘፈኖች የድሮ የሠርግ ዘፈኖች ነበሩ። እሱ ራሱ የካሴቱን ወረቀት ሊያዘጋጅ ቁጭ ብሎ ጠየቀኝ።

«ኦኬ፣ ‹ዝናቡን ያዙላት›። ግጥም ያንተ። ዜማውስ?»

አፌ ውስጥ እውነቱ ነበር። የጀርመን ሴት፣ ሁለተኛ አልበም፣ ረጅም ወሬ ነው፤ እሱም ቸኩሏል።

«የኔ» አልኩት።

«ጎበዝ!» ብሎ ጻፈው።

ካሴቱ ጃክሰን መንገድ ላይ ባሉት ሱቆች ገባ፤ የታክሲ ሾፌሮቹ ወደዱት። መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው «ዝናቡን ያዙላት!» ብሎ ይጠራኝ ጀመር። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። የአስተማሪዋን ኮሪደር ግን መጀመሪያ፣ እሳቸው ገና ተማሪ እያስወጡ ሳለ፣ ወልውዬ መጨረስ ለመድኩ። በር ላይ ስንገናኝ ሰላም እላቸዋለሁ እንጂ አልቆምም። ስለ ካሴቱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩላቸውም።

የገና ዕረፍት መጣ፤ አስተማሪዋ እህታቸው ዘንድ ጀርመን ሄዱ። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ስሜን ጠርተው አስገቡኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የእኔ ካሴት፣ ከነፎቶዬ፣ ቁጭ ብሏል።

«ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ያዝኩ» አሉ። ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። «ደክሞኛል፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። ገና ሀምቡርግ ያለሁ መሰለኝ። ቃሉ ግን ጀርመንኛ አይደለም። ‹ይህ ማን ነው?› ብዬ ጠየቅኩት። ‹የኛ ልጅ ነው፤ ዜማውም ግጥሙም የራሱ ነው› አለኝ። እንዴት ኮርቶ እንደነገረኝ ብታይ። ካሴቱንም ገንዘብ አልቀበልም ብሎ በግድ ሰጠኝ።»

የምገባበት ጠፋኝ። የቆሻሻ ቅርጫቱን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ቃሉ ምን እንደሚል ንገረኝ።»

እያንዳንዷን ስንኝ ተረጎምኩላቸው። ጃንጥላዎቹ ጋ ስደርስ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን እየጠረጉ ቆዩ።

«የእሷ ስለ አባቷ ነው» አሉ። «አባቷ የትራም ሾፌር ነበር። ጡረታ የወጣ ቀን ወደ ቤት ይገባል፤ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ዘፈኑ ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም።»

አባቴን አሰብኩ። አባቴ ትራም አይቶ አያውቅም፤ ልብስ ሰፊ ነው። ዓይኑ የደከመ ዓመት የስፌት መኪናውን ለአጎቴ ልጅ ሰጥቶ ሲመለስ፣ ደጅ ላይ ቆሞ በአውራ ጣቱ ጣቶቹን ሲያሻሽ አይቼዋለሁ። ያን ዜማ ስሰማ ፀጉሬ ለምን እንደቆመ ያን ጊዜ የገባኝ መሰለኝ። ጃንጥላና ሙሽራ ያለበስኩት ነገር ይህ ነበር።

«የኔ ነው አልኩ» አልኳቸው። «ሲጠይቁኝ የኔ ነው አልኩ።»

«አውቃለሁ፤ ሾፌሩ ነግሮኛል።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔ ዳኛ አይደለሁም» አሉ። «ሸክላውን ያሳተመው ድርጅት አድራሻ ልባሱ ጀርባ ላይ አለ። ደብዳቤ ከጻፍክ ወደ ጀርመንኛ እመልስልሃለሁ። ካልጻፍክም እዚህ መጥተህ አብረኸኝ ብታዳምጥ ደስ ይለኛል። ኮሪደሩን በጊዜ እየጨረስክ መሸሽህን አልወደድኩትም።»

ደብዳቤው አራት ጊዜ ተጽፎ አራት ጊዜ ተቀደደ። መጀመሪያ ሰበብ አበዛሁበት፤ ስደቱን፣ ጓደኛዬ መሄዱን፣ የሠርጉን ዝናብ። አምስተኛው አጭር ነበር። ዜማሽን ወስጄ በቋንቋዬ ዘፈንኩት፤ የኔ ነው ብዬ ዋሸሁ፤ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ካሴቱ ይኸው። አስተማሪዋ ተረጎሙትና ላክነው።

መልስ እስኪመጣ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ያልተሸጡት ካሴቶች የነበሩት ጃክሰን ላይ ሱቅ ያላቸው አንድ የደሴ ሰው ዘንድ ነው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እስክሪብቶ ይዤ ሄድኩና በየካሴቱ ወረቀት ላይ «ዜማው የእኔ አይደለም፤ የጀርመናዊት ዘፋኝ ነው» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

«አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ ከባንኮኒው ጀርባ። «ሰው በእስክሪብቶ የተሞነጫጨረ ዕቃ ይገዛል?»

«ጋሼ፣ ዜማው የሰው ነው። እኔ ዋሽቼ ነው።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ባንኮኒውን ዞረው መጡና አጠገቤ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። «ሀቅ ከሆነማ እስክሪብቶውን ስጠኝ» አሉ። «ወላሂ፣ ጽሕፈትህ አይነበብም።» የቀረውን በሙሉ በዚያ በሚያምር እጃቸው ጻፉት።

የከበደኝ ለሬድመንዱ ልጅ መንገር ነበር። ተቆጣ። «እኔንም እኮ ነው ውሸታም ያደረግኸኝ» አለኝ፤ ልክ ነው። ብዙ ወራት አልተነጋገርንም።

መልሱ በግንቦት መጣ። ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ በታይፕ የተጻፈ፣ ከድርጅቱ፤ ደረቅ ነው፣ ካሴቱ ዳግመኛ እንዳይባዛ ይላል። ሁለተኛው በእጅ የተጻፈ ነው። አስተማሪዋ መስኮቱ ጋ ወስደው ቀስ ብለው አነበቡልኝ። ዘፋኟ ካሴቱን ከአባቷ ጋር ሆና አዳምጣዋለች። እኔ የመጨረሻውን ስንኝ ወደ ታች አውርጄዋለሁ፤ እሷ ወደ ላይ ነበር ያወጣችው። አባቷ የእኔን መርጧል፤ የእሷ ጩኸት ይበዛበታል ብሎ ሁልጊዜ ይወቅሳታል። «ካሴቱን አቁም፤ በእሱ ላይ እኔም ሥልጣን የለኝም» ትላለች። «በሠርግ ላይ ግን ዝፈነው። እኔ ሙሽሮች የሚጨፍሩበት ዘፈን ጽፌ አላውቅም። ደግሞ የራስህን ዜማ ብትሞክር ጥሩ ነው። የመጀመሪያው መጥፎ ይሆናል። የእኔም ነበር።»

አስተማሪዋ ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝ። ወጥቼ ኮሪደሩን ወለወልኩ።

ሦስተኛው አልበሟ በዚያው ዓመት መጸው ላይ ደረሰን፤ የአስተማሪዋ እህት ላኩት። እዚህ ላይ ዘፋኟ እንደገና ሰው አስገብታለች፤ የልጆች መዘምራን፣ ዋሽንት፣ ምን የማይሰማ አለ። ሰው ወደደው፤ ጀርመን ውስጥ ስሟ እንደገና ከፍ አለ። እኔም ወደድኩት። አስተማሪዋ ሁለተኛውን የሚያህል የለም ብለው ተከራከሩኝ። አራተኛውን ደግሞ በእንግሊዝኛ ዘፈነችው፤ እሱን አስተማሪዋ ግማሽ ሰምተው «ይሄ ለአንተ ነው» ብለው ሰጡኝ፤ እውነት ለመናገር እኔም ከግማሽ አላለፍኩም። በየጊዜው ተሳስታም፣ ተሳክቶላትም፣ ቀጥላለች።

እኔም ሞከርኩ። ትምህርት ቤቱ ባዶ ሲሆን የደረጃው ሥር ድምፅ ያስተጋባ ነበር፤ እዚያ ቆሜ ዜማ እፈልግ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መጥፎ ነበሩ፤ ጣልኳቸው። ስለ አባቴ መኪናና ስለ ጣቶቹ የሠራሁት ግን ሲያልቅ ልቀይረው የምፈልገው ነገር አላገኘሁበትም። ኦርጋን የሚጫወትልኝም ሰው አገኘሁ፤ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ፣ አማርኛው ላይ ትግርኛው የሚሰማ፣ ሲለማመድ ጫማውን የሚያወልቅ ረጋ ያለ ሰው። ተቀባይ አልፈለግንም። ቦታውን ለመተው ካስፈለገ እንተዋለን፣ ካላስፈለገ እገባበታለሁ።

ሁለተኛው ካሴት ላይ ስድስት ዘፈን አለ፤ ሁሉም የእኔ። የሬድመንዱ ልጅ ታርቆኝ እሱው ቀዳው፤ ሲቀዳም እያንዳንዱን «ይሄስ የማን ነው?» እያለ አሾፈብኝ፤ ይገባኛል። እንደ መጀመሪያው አልተሸጠም። የታክሲ ሾፌሮቹ ለስላሳ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል አሉ። ሠርግ ላይ አሁንም የሚጠይቁኝ ዝናቡን ነው፤ እዘፍነዋለሁ፣ ከመጀመሬ በፊትም የማን እንደሆነ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይገረማል፤ አብዛኛው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

በዓመቱ ፖርትላንድ ካለች አንዲት ሴት ስልክ ተደወለልኝ። ሁለተኛውን ካሴት ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። እህቷን ልትድር ነው፤ የልብስ ሰፊውን ዘፈን እንድዘፍንላት ትፈልጋለች። ለሠርግ የሚሆን አይደለም አልኳት። «አባታችን ልብስ ሰፊ ነው» አለችኝ። «አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣል።»

ከአውቶቡስ ሾፌሩ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ተነሥተን ወደ ደቡብ ነዳን። አዳራሹ ትንሽ ነው። ሽማግሌው ከፊት፣ ከልጆቻቸው መሀል፣ ራሳቸው የሰፉትን ሙሉ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ዘፈኑን ስጀምር አላዩኝም፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀና አሉ። ሲያልቅ አላጨበጨቡም። ልጃቸውን ጠቅሰው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አሏት፤ እሷም ወደ እኛ መጣች።

«እናታችን ወጥ ቤት ነበረች፣ አልሰማችም» አለችን። «እስኪ ይቆዩና ትምጣ፤ ከዚያ ይድገሙት ብሏል።»

ቆየን። እናትየው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጥተው ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡ። ጓደኛዬ ጫማውን አወለቀና ኦርጋኑን ከፈተ፤ እኔም ጀመርኩ።